ቆጥና የዶሮ እግር፦ ከአርሲ ደጋ የዶሮ እርባታ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከምትገኘው ከአሰላ ከተማ ይደርሳል። በስተግራም በስተቀኝም ዐይኑ የሚያርፈው በስንዴና በገብስ ማሳ ላይ ነው። ስለ አርሲ እርሻ እስካሁን የተጻፈውም በአብዛኛው ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትራክተርና ስለ ኮምባይነር ብዙ ተብሏል። በየጓሮው መሬት እየጫረች የምትውለው ዶሮ ግን የታሪክ ጸሐፊ ዐይን እምብዛም አላረፈባትም። ይሁን እንጂ የአንዲት ዶሮ የውስጥ እግር ማበጥ እንኳ፣ በጥሞና ለተመለከተው ሰው፣ የአንድን ዘመን የልማት አሠራር ሊያስረዳ ይችላል።

እንደሚታወቀው በአርሲ ደጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የአበሻ ዶሮ ቀን በጓሮ ስትለቃቅም ውላ ሲመሽ ወደ ሰው ቤት ትገባለች። ማደሪያዋ ቆጥ ነው። ቆጡ ከፍ ተደርጎ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሸለምጥማጥ እንዳይደርስባት፣ የደጋው ሌሊት ብርድ እንዳይጎዳትና በቤት ውስጥ ያለው ቦታ እንዳይጣበብ ታስቦ ነው። የአበሻ ዶሮ ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል ስለማይበልጥ፣ ክንፏም ብርቱ ስለሆነ፣ ማታ ትወጣለች፣ ጧትም በክንፏ እየቀዘፈች በቀላሉ ትወርዳለች። ወፏና ቤቱ ለብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት የውጭ አገር ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመሩ። ከእነዚህም ውስጥ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ይገኙባቸዋል። ሕዝቡም በአንድ ስም «የፈረንጅ ዶሮ» አላቸው። ቀስ በቀስም አውራ ዶሮዎችን፣ ቄቦችንና ለመታቀፍ የሚሆኑ ዕንቁላሎችን ለገበሬው ማደል በእርሻ ሚኒስቴር የኤክስቴንሽን ሥራ ውስጥ የተለመደ ሆነ።

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሥራውን የጀመረው፣ በተለምዶ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአሰላ አደረገ። ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ከማቅረቡም በላይ የከብት እርባታን፣ የእርሻ መሣሪያ ጥናትንና የገጠር መንገድ ሥራን ያካተተ ነበር። ውጤቱ ከፍተኛ ቢሆንም ችግር አላጣውም። የስንዴው ትርፍና ትራክተሩ ባለርስቶችን ስለሳቡ ብዙ ጭሰኞች ከያዙት መሬት ተፈናቀሉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም ድርጅቱ ሥራውን በመላው አርሲ አስፋፍቶ «አርዱ» ተባለ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አዲስ ነገር መልካም ሆኖ ሳለ፣ የሚገባበት ቤት አስቀድሞ ካልታየ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በአሰላ የእንስሳት እርባታ ጣቢያ በተደረገው ልኬት የአካባቢው ዶሮ በዓመት በአማካይ 34 ዕንቁላል ብቻ ስትጥል፣ የአንዱ ዕንቁላል ክብደትም 38 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር የውጭ ዝርያን ማስገባት ለምን እንዳስፈለገ በቂ ማስረጃ ነበር። ነገር ግን የዕንቁላል ቁጥር ስለ ዶሮዋ እግር የሚነግረው ነገር የለም።

ጉዳዩን በምሕንድስና ዐይን መመልከት ይጠቅማል። 1.3 ኪሎ ግራም የምትመዝን የአበሻ ዶሮ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ካለው ቆጥ ስትወርድ በመሬት ላይ የምታሳርፈው ጉልበት፣ የክንፏ እገዛ ሳይታሰብ፣ ሁለት ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ነው። ሦስት ኪሎ የምትመዝን የውጭ ዝርያ ዶሮ ከዚያው ቆጥ ስትወርድ ግን አራት ተኩል ይደርሳል። ከባዷ ዶሮ በክንፏ ፍጥነቷን የመግታት ችሎታዋም አነስተኛ ስለሆነ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ የውስጥ እግር ሥጋ ላይ ነው። ቆጡ ቋጠሮና ሥንጥር ያለበት፣ ወለሉም በክረምት እርጥብ ሲሆን ቆዳው ይላላል፣ ይሰነጠቃል፤ ተሕዋስያንም ይገቡበታል።

በዚህ ቁስል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ነው። እስኮትላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን እ.ኤ.አ. በ1880 በሰው መግል ውስጥ ይህን ዓይነት ተሕዋስያን ገልጾ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ስለሚታዩ ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል ሰየማቸው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘውም ስታፊሎኮከስ በዘራበት ሳሕን ላይ ነበር። የዶሮ መግል ግን ከሰው የተለየ ነው፤ የወፎች ነጭ የደም ሕዋስ መግልን የሚያቀልጥ ኢንዛይም ስለሚጎድለው እንደ አይብ ረግቶ ይጠጥራል። ስለዚህም መድኃኒት ብቻውን በቀላሉ ሊደርስበት አይችልም።

በሽታውን ለመለየት ዶሮዋን ማታ ከቆጧ ላይ ቀስ ብሎ መያዝ፣ እግሯን በለብታ ውኃ አጥቦ ከመብራት አጠገብ መመልከት ያስፈልጋል። የውስጥ እግሩ አብጦ፣ ሲነካ የሚያተኩስና በመካከሉ ጥቁር ቅርፊት ያለበት ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። የቅልጥሟ ቅርፊቶች ተነሥተው ነጭ ፍርፋሪ ከሞላባቸው ግን ጥፋቱ የእከክ ቅንቅን ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እብጠት ሳይኖር አንዱን እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ የምትወድቅ ከሆነ፣ ሀንጋሪያዊው ዮጄፍ ማሬክ እ.ኤ.አ. በ1907 የገለጸው የነርቭ በሽታ ይጠረጠራል። የብዙ ዶሮዎች መገጣጠሚያ ባንድ ጊዜ ካበጠም ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ማሳወቅ ይገባል። በጣቷ ላይ የተጠመጠመ ክር ወይም ጸጉር እንዳለ ማየትም አይዘንጋ፤ ቀላል ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከባድ ይመስላል።

እብጠቱ ገና ጀማሪ ከሆነ ዶሮዋን ለይቶ በደረቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ ላይ ማኖር፣ እግሯን በየቀኑ ጨው በገባበት ለብታ ውኃ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆም አዮዲን ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል ብዙ ጊዜ ይረዳል። መግሉ ከጠጠረ ግን በወጥ ቤት ቢላዋ መቅደድ ስሕተት ነው። የእንስሳት ሐኪም ከፍቶ የረጋውን ያወጣዋል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቢያስፈልግም መጠኑን የሚወስነው እርሱ ነው። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ ዕንቁላል ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ አይበላም። ተሕዋሲው ሰውንም ስለሚይዝ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ከሕክምናው ሁሉ የሚበልጠው ግን መከላከሉ ነው፤ ወጪውም ከሐኪም ይልቅ ለአናጢ የቀረበ ነው። ቆጡን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ የከባዷን ዶሮ ጉልበት ወደ አንድ ተኩል ያወርደዋል፤ ይህም የአበሻዋ ዶሮ ከከፍተኛው ቆጥ ስትወርድ ከምታሳርፈው ያነሰ ነው። እንጨቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ጠርዙ የተላገ ቢሆን፣ ወለሉም በጭድ ወይም በሰጋቱራ ቢደርቅ፣ ከምግቧም አረንጓዴ ቅጠል ባይጎድል አብዛኛው ጉዳት ይቀራል። ቆጡ ዝቅ ሲል ሸለምጥማጥ ስለሚደፍር ግን በሩና ግድግዳው መጠናከር አለበት፤ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላውን መክፈት ልማት አይባልም።

ነገሩ ታናሽ የሚመስለው ለሩቅ ተመልካች ነው። በአርሲ ገጠር ዶሮ በአብዛኛው የሴቲቱ ሀብት ናት፤ ጨው፣ ጋዝና የልጅ ደብተር የሚገዛው ከዕንቁላሏ ነው። አራት ዶሮ ያላት እናት አንዷ ስታነክስባት የሀብቷ ሩብ አነከሰ ማለት ነው። ዛሬም እንደ ሳሶ ያሉ ከባድ ዝርያዎች በየጓሮው እየተሠራጩ ስለሆነ ጥያቄው አዲስ ሆኖ ተመልሷል። የቀድሞው የካዱ የእርሻ መሣሪያ ጥናት ውርስ በአሰላው የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል ዛሬም አለ። ባለሙያው ለማረሻውና ለመውቂያው ያሰበውን ያህል ለቆጡም ቢያስብ፣ ከጫጩቱ ጋር የቆጡንም ንድፍ ቢልክ፣ ዘመን ያለፈበት ትምህርት በሥራ ላይ ዋለ ይባላል። አለዚያ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት፣ የዕንቁላሉን ቁጥር ለማብዛት ሲሮጡ ዶሮዋን ማጣት ይከተላል።