ትሬስራውት

ትሬስራውት የኢንተርኔት ፓኬት መድረሻው እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በቅደም ተከተል የሚያሳይ የኔትወርክ መመርመሪያ ፕሮግራም ነው። በስቲቭ ዲሪንግ ሐሳብ መነሻነት የጻፈው አሜሪካዊው ቫን ጃኮብሰን ነው (እ.ኤ.አ. 1987)። አንድ ዌብሳይት ሲንቀራፈፍ መዘግየቱ ከሰርቨሩ ይሁን ከመንገዱ ለመለየት ይረዳል። በዊንዶውስ ላይ ትሬሰርት ይባላል።

አሠራር፦ እያንዳንዱ ፓኬት ቲቲኤል የተባለ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ በየራውተሩ በ1 ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ራውተሩ ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው ያሳውቃል። ፕሮግራሙ ቲቲኤሉን ከ1 ጀምሮ እየጨመረ ስለሚልክ ራውተሮቹ በየተራ ማንነታቸውን ይገልጣሉ። ለየደረጃው በተለምዶ 3 ፓኬት ልኮ የደርሶ መልሱን ጊዜ ይለካል።

የውጤት ንባብ፦ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪ.ሜ. ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 1,000 ኪ.ሜ. የሚረዝም መስመር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ቅርብ ከተማ ያለ ሰርቨር 150 ሚሊሰከንድ ከወሰደ ፓኬቱ በሩቅ አገር ዞሮ ወይም በተጨናነቀ መስመር አልፎ ሊሆን ይችላል። ገጹ ለመከፈት 20 ተከታታይ ምልልስ ካስፈለገው በዚህ ብቻ 3 ሰከንድ ይባክናል።

ጥንቃቄ፦ መካከል ላይ ያለ አንድ ራውተር ብቻ ቢዘገይ ወይም መልስ ባለመስጠቱ በኮከብ ምልክት ቢታይ ችግር አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ራውተሮች ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቅድሚያ አይሰጡም። አሳሳቢው እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ጭማሪ ነው። የመልሱ መንገድ ከመሄጃው ሊለይ ስለሚችል ምርመራው ከሁለቱም ጫፍ ቢካሄድ ይመረጣል።