ያዕቆብ ብሩስና አሸዋ ውስጥ የምትዋኘው እንሽላሊት

ወዳጆቼ፣ ጀምስ ብሩስ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ግሽ ዓባይ ነው። ዛሬ ግን እስኪ በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ስለተቀመጠች አንዲት ትንሽ እንሽላሊት ላውጋችሁ።

የኛ ቆጋ ግልገል ዓባይ ውስጥ ይገባል፣ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና። ስኮትላንዳዊው ብሩስ (አገሬው “ያዕቆብ” ነበር የሚለው) የዚህን ውኃ መነሻ ፍለጋ ከጎንደር ወርዶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ሰከላ፣ ግሽ ደረሰ። ከዚያም “እኔ የመጀመሪያው ነኝ” አለ። ልብ በሉ፣ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ቆሞ አይቶታል። አገው ደግሞ ድሮም ቤቱ ነው! ብሩስ ግን የፓኤዝን ነገር አጣጣለው። አብሮት የነበረውን ጣልያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከግሽ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ። ባሉጋኒ ግን ግሽ ደርሶ ተመልሶ፣ በ1771 ነው ጎንደር ላይ ያረፈው።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል፣ በረሃውን አቋርጦ በቀጣዩ ዓመት አስዋን ገባ። በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም፣ በመጨረሻው ቅጽ ካሰፈራቸው እንስሳት አንዷ ይቺ የአሸዋ እንሽላሊት ናት። በአትባራ ምድር እንደምትገኝ ይናገራል። አትባራ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዙ የሚነሳው ከጣና በስተሰሜን ከጭልጋ አካባቢ ነው።

እንሽላሊቷ ሰው ሲጠጋት አትሮጥም፤ በቅጽበት አሸዋው ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ዐረቦች ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒት ይፈልጓት እንደነበር ብሩስ ጽፏል። ስሟንም እነሱ በሚጠሩበት “ኤል አዳ” ብሎ አስቀመጠው። ሊኔየስ በ1758 የላቲን ስም ሰጥቷት ነበር፤ ብሩስ ግን የባለአገሩን ስም ርእስ አደረገው።

የለንደን ሰዎች በብሩስ ሳቁበት። በቁሟ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው በሉ ማለቱን ጭራሽ አላመኑትም፤ ብዙዎች ውሸታም ነው አሉት። ስለ እንሽላሊቷ የጻፈው ግን እውነት ነበር። በ2009 የአሜሪካ ተመራማሪዎች አሸዋ ውስጥ ያለችውን በኤክስሬይ ሲያዩዋት፣ እግሮቿን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ሰውነቷን እንደ እባብ እያጠማዘዘች ትዋኛለች። ቆዳዋ ለስላሳ ነው፤ አፏም እንደ አካፋ ሹል። በናሚብ ጠረፍ የአሸዋ ክምሮች ላይም ቦካዥ በ1867 የመዘገባት፣ ዝምድናዋ ሩቅ የሆነ ሌላ እንሽላሊት አለች፤ እሷም በጭንቅላቷ አሸዋ ውስጥ ትጠልቃለች። ያው አሸዋ ያው ብልሃት ያስተምራል።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ብሩስ ክብር በማያመጣ ትንሽ ነገር ላይ “ዐረቦች ያውቋታል” ለማለት አልተሳነውም። ስም የሚያስጠራው የዓባይ ምንጭ ላይ ሲደርስ ግን ፓኤዝንም ባሉጋኒንም ገፋቸው፣ የአገሩን ሰው እውቀትም እንደ ምንም ቆጠረው። ስለዚህ የተጓዦችን መጽሐፍ ስናነብ ሁሉንም ማመንም ሁሉንም መጣልም አያዋጣም። ጸሐፊው የሚጠቀምበት ነገር ላይ ጠንቀቅ፣ የማይጠቀምበት ላይ ደግሞ ጆሮ ሰጥቶ ማንበብ ነው።

በናንተ አካባቢ ስለ ብሩስ ከአያቶች የሰማችሁት ካለ እስኪ ጻፉልን። ሰላም ዋሉ።