«ጎዶብ ሬብ» ምን ማለት ነው?

ከጂግጂጋ ቶጎ ውጫሌ ስንመላለስ ሱማልኛ የምንለምደው ከቁጥርና ከዋጋ ጀምረን ነው። የዝምድናው ቃል ቆይቶ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ «ጎዶብ ሬብ» ነው። «ጎዶብ» ቂም፣ ያልተካሰ በደል ማለት ነው፤ «ሬብ» ደግሞ ማስቀረት። ቂም ማስቀሪያ እንደማለት።

ሁለት ጎሳ ደም ሲቃባ ሽማግሌዎች «ሔር» በሚባለው ባህላዊ ሕግ ካሳ ይቆርጣሉ። ለተገደለ ወንድ በልማድ 100 ግመል ነው። ቂሙ እንዳያገረሽ ደግሞ ከገዳይ ወገን ልጃገረድ ለሟች ወገን ትዳራለች። የምትወልደው ልጅ የሁለቱም ነው፤ በአጎቶቹ ላይ ጦር ማንሳት ይከብደዋል። ስሌቱ ሞኝነት የለበትም። ሱማሌው አማችነትን «ሒዲድ» ይለዋል፤ ቃሉ የዛፍ ሥርም ማለት ነው። በድርቅ ጊዜ በአማች አገር ውሃና ግጦሽ ይገኛል።

«የዕርቅ ጋብቻ» ተብሎ ሲተረጎም እንሰማለን። አልተዋጠልንም። የእኛ «ጋብቻ» ከ«ገባ» የወጣ ነው፤ «ተጋቡ» ስንል አንዱ ወደ ሌላው ገባ ማለታችን ነው። በጎዶብ ሬብ ግን ወደ ሌላው የምትገባው እሷ ብቻ ናት፤ ለዚያውም ባላጠፋችው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። በልማዱ ጉባኤ ዛፉ ሥር የሚቀመጡት ግን ወንዶች ናቸው። ግመሉ ሲቆጠር ልጅቷ እዚያ የለችም።