160 ግራም፦ የሰብል ናሙና ታሪክ ከሩዝ ማሳ እስከ ጤፍ ማሳ

የናሙናን ቀመር ሰሌዳ ላይ የተማርን ሁሉ፣ ቀመሩ ያደገው ጭቃ ውስጥ መሆኑን ብናስታውስ አይከፋም።

በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ የመንደር ሹም ማሳውን በዐይኑ ቃኝቶ ምርቱን በ«አና» ይገምት ነበር። አሥራ ስድስት አና አንድ ሙሉ ሩፒ ስለሆነ፣ «ዘንድሮ አሥራ ሁለት አና ነው» ማለት ከሙሉ ምርት ሦስት አራተኛው ተገኘ ማለት ነው። በቃ፣ ስታቲስቲክሱ ይኸው ነበር! በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሀባክ የተባለ አስተዳዳሪ በቢሃርና ኦሪሳ ሌላ መንገድ ሞከረ፦ ቦታውን በዕጣ መምረጥ፣ ትንሽ ቁራጭ ማጨድ፣ መመዘን። ጽሑፉ በ1927 ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ክርክር የመጣው። በካልካታ የህንድን የስታቲስቲክስ ተቋም የመሠረቱት ማሃላኖቢስ፣ በደንብ የሠለጠነ ሰው ካለ ትንንሽ ቁራጭ ከብዙ ቦታ መቁረጥ ያዋጣል ባይ ነበሩ። ሱካትሜ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ ምርትን አጋንኖ ያሳያል ብለው በ1946 አሳተሙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገመዱ ላይ የቆመችውን ዛላ አጫጁ «ከውስጥ ናት» ብሎ ይጨምራታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቁራጭ ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ሜትር ጠርዝ አለው፤ አራት በአራት የሆነው ግን 1 ሜትር ብቻ። ይህን ስህተት ናሙና ማብዛት አያርመውም፤ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ነዋ የሚያጋድለው። በእኔ ግምት ሱካትሜ ያነሡት ነጥብ ከቀመሮቹ ሁሉ ይበልጣል።

እኛም አገር የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ባካሄደው የግብርና ናሙና ጥናት ለእህል ሰብል የቆረጠው አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። 16 ካሬ ሜትር ወደ ሄክታር ሲቀየር በ625 ይባዛል። እንግዲህ አስሉት፦ ከጠርዙ 160 ግራም፣ ማለትም ጥቂት ጭብጥ ጤፍ፣ ቢጨመር በሄክታር አንድ ሙሉ ኩንታል ከምንም ይፈጠራል። ጤፍ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። የሌለ እህል በወረቀት ላይ ካለ፣ የሚጎድለውን አስቀድሞ የሚያዝዝ አይኖርም።

ለዚህ ነው ዕጣው የማሳውን የሳሳ ጥግ ሲያወጣ፣ ባለማሳው «ኧረ ወዲህ ና ልጄ፣ እዚያ ምን አለ?» እያሉት፣ መረጃ ሰብሳቢው ካስማውን እዚያው መትከል ያለበት።