በወረቀት ፋብሪካ ውሃ ውስጥ ስለሚረጋው ሙጫ

ስሙ ሽቦ አልባውን ስልክ በሚያስታውሰው በነፋስ ስልክ ሰፈር፣ አሮጌ ካርቶንና የቢሮ ወረቀት አሥረው የሚሸከሙ ሰዎችን ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ወረቀቱ እንደ ገና ወረቀት ለመሆን የሚሄድ ከሆነ፣ አብሮት የሚሄደው ሙጫ ምን እንደሚሆን መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን።

አበው በብራና ሲጽፉ ይህ ችግር አልነበረም፤ ብራና ከቆዳ እንጂ በውሃ ከተበጠበጠ ቃጫ አይሠራምና። በአውሮፓም ወረቀት ከአሮጌ ጨርቅ በሚሠራበት ዘመን ነገሩ እምብዛም አላስቸገረም። ጥጥና ተልባ ሙጫ አይበዛባቸውም፤ ቀለም እንዳይሰርግ የሚደረገውም ከቆዳ የተቀቀለ ማጣበቂያ ወረቀቱ ከተሠራ በኋላ ነበር የሚቀባው። እ.ኤ.አ. በ1807 ግን ኢሊግ የተባለ ጀርመናዊ የጥድ ሙጫን ከሊጡ ጋር አብሮ መቀላቀል እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ። በ1840ዎቹ ደግሞ ኬለር እንጨትን በድንጋይ ፈጭቶ ለወረቀት የሚሆን ቃጫ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሙጫው ከእንጨቱ ጋር ወደ ውሃው ገባ ማለት ነው።

ሙጫው እንዴት እንደሚረጋ ለመረዳት እናቶቻችን ወተት ሲንጡ ማየት ይበቃል። ቅባቱ በወተቱ ውስጥ ተበትኖ ሳለ አይታይም፤ ሙቀቱ ሲስማማውና ሲመታ ግን ተሰብስቦ ቅቤ ይወጣዋል። ከወረቀት መኪናው ወንፊት ሥር የሚንጠባጠበው ውሃም እንደ ወተት የነጣ ነው፤ በውስጡ ያሉት የሙጫ ቅንጣቶች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። የውሃው ሙቀት ወይም የአሲድነቱ መጠን በድንገት ሲለወጥ፣ ካልሲየም ሲበዛበት፣ ወይም ተቃራኒ ሙል ያለው መድኃኒት ሲጨመርበት መገፋፋቱ ይቀራል፤ ቅንጣቶቹም ተሰብስበው በወንፊቱ፣ በሱፉ ጨርቅና በማድረቂያው ከበሮ ላይ ይለጠፋሉ። ወረቀቱ ይበሳል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል፤ መኪናውም ቆሞ ይታጠባል።

ሁለተኛው የሙጫ ዘመን የመጣው ከቢሮ ነው። በ1930 ሪቻርድ ድሩ የሠራው ግልጽ ቴፕ ለገበያ ወጣ፤ በ1935 ስታንተን አቬሪ ራሱን የሚለጥፍ ምልክት አመጣ። በኋላም መጽሐፍ የሚጠረዝበት በሙቀት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ተስፋፋ። እነዚህ እንደ ጥድ ሙጫ በቀላሉ የሚበገሩ አይደሉም። ለጥድ ሙጫ ታልክ የተባለው የድንጋይ ዱቄት ከጥንት ጀምሮ ያገለግላል፤ በ1990 ግድምም ጃፓኖች ሊፔዝ በተባለ ኢንዛይም ቅባቱን መሰባበር ጀመሩ። የቴፕ ሙጫ ግን በመበጥበጫው ውስጥ ይደቅቃል፤ ትልልቁን ማጣሪያው ሲይዘው ደቃቁ ያልፋል፣ ካለፈም በኋላ ከላይ እንዳልነው እንደ ቅቤው ይሰበሰባል።

በአገራችን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ወረቀቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ የወረቀት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። እንዲህ ላለ ፋብሪካ አሮጌ ወረቀት የውጭ ምንዛሪ የሚያድን ሀብት ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለት መልካም ነገሮች ይጋጫሉ። ወንዙን ለመጠበቅ ሲባል ውሃው በፋብሪካው ውስጥ ደጋግሞ እንዲዞር ይደረጋል፤ በዞረ ቁጥርም ሙጫው፣ ጨውና ካልሲየሙ እየበዙበት ይሄዳሉ። ውሃውን ያለ ገደብ መልቀቅ ደግሞ ችግሩን ለአዋሽ ማስረከብ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ርካሹ ማጣሪያ በወንጂ ሳይሆን በነፋስ ስልክ፣ ወረቀቱ ገና ሳይርስ፣ በሰው እጅ ነው ያለው። የመጽሐፉን ጀርባ መቁረጥ፣ ቴፑን ከካርቶኑ መላጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ይሁንና ሰብሳቢው የሚከፈለው በኪሎ ነው፤ ቴፑም አብሮ ይመዘናል።