የአኔዳ ዛፍና የዶማጋያ ውለታ

ዣክ ካርትዬ የተባለው ፈረንሳዊ መርከበኛ በ1535 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዛሬ የካናዳ ከተማ ኬቤክ ካለችበት ስፍራ ደረሰ። በዚያም ስታዳኮና የምትባል የአገሬው ተወላጆች መንደር ነበረች። የብርዱ ወራት በገባ ጊዜ ሦስቱ መርከቦች በበረዶ ተያዙ፤ ሰዎቹም ትኩስ አትክልት ስላላገኙ ስኩርቪ የሚባል በሽታ ገባባቸው። እግራቸው አብጦ ጠቆረ፤ ድዳቸው በስብሶ ጥርሳቸው ረገፈ። ከ110 ሰዎች መካከል በየካቲት ጤነኛ የነበሩት ዐሥር እንኳ አይሞሉም ነበር፤ እስከ ሚያዝያም 25ቱ ሞቱ።

ካርትዬ ግን ከበሽታው ይልቅ የአገሬውን ሰዎች ይፈራ ነበር። መድከማቸው እንዳይታወቅ ሕመምተኞቹ በመርከብ ውስጥ ሆነው በመዶሻና በድንጋይ እንዲደበድቡ አዘዘ፤ ይኸውም ከውጭ ለሚሰማ ሰው ሥራ የበዛባቸው እንዲመስል ነው።

አንድ ቀን የመንደሩ አለቃ የዶናኮና ልጅ ዶማጋያ በእግሩ ሲሄድ አየው። ዶማጋያ ከ10 ወይም ከ12 ቀን በፊት በዚያው በሽታ ጉልበቱ አብጦ ነበር። ካርትዬ በምን እንደ ዳነ ሲጠይቀው፣ አሽከሬ ታሞብኛል ብሎ ዋሸው። ዶማጋያም ሁለት ሴቶች ሰዶ አኔዳ ከሚባል ዛፍ ቅርንጫፍ አስመጣለት፤ ልጡና ቅጠሉ ተቀቅሎ ውሃው እንዲጠጣ፣ ዝቃጩም ባበጠው እግር ላይ እንዲደረግ አሳዩት። ሕመምተኞቹ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ አንድ ሁለቱ ቀምሰው በተሻላቸው ጊዜ ግን ተሻሙበት። በስምንት ቀን አንድ ትልቅ ዛፍ ጨረሱ።

አኔዳ የትኛው ዛፍ እንደ ሆነ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ የእኛ ጽድ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው ይላሉ። የፈውሱ ምክንያት የተገለጠው ግን ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጅዮርጂ ተቆርጦ የተቀመጠ ተክል ለምን እንደሚጠቁር፣ የሎሚ ጭማቂም ይህን ለምን እንደሚያዘገይ ሲመረምር በ1928 ዓ.ም. አንድ ንጥረ ነገር ለየ፤ በ1932 ዓ.ም. ይኸው ቪታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ። ቪታሚን ሲ ኦክሲጅን ሌላውን ነገር እንዳያበላሽ በራሱ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ አንቲኦክሲዳንት ይባላል። ድድንና ጥርስን፣ ሥጋንና አጥንትን የሚያያይዘው ኮላጅን የሚባለው ማሠሪያም ያለ እርሱ አይጠነክርም። ሴንት ጅዮርጂ ለምርመራው የሚበቃ ብዙ ቪታሚን ያገኘው ከበርበሬ ነበር፤ ራሱ እንደ ተናገረው፣ ለእራት የቀረበለትን በርበሬ መብላት ስላልወደደ ወደ ላቦራቶሪው ወሰደው። (በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው እራቱን ሳይበላ ያድር ነበር።) በ1937 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዶማጋያስ ምን አገኘ? አስቀድሞ በ1534 ዓ.ም. ካርትዬ ወደ ፈረንሳይ ወስዶት በዓመቱ መልሶት ነበር። በ1536 ዓ.ም. በግንቦት፣ ሰዎቹ ከዳኑ በኋላ፣ ካርትዬ ዶማጋያን ከአባቱና ከሌሎች ጋር በተንኰል ይዞ እንደገና ወደ ፈረንሳይ ወሰደው። ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም በዚያው ሞቱ። ካርትዬ በ1541 ዓ.ም. ሲመለስ ግን ዶናኮና ብቻ እንደ ሞተ፣ የቀሩት አግብተው እንደ መሳፍንት እንደሚኖሩ ለወገኖቻቸው ነገራቸው።

በ1608 ዓ.ም. ሌላው ፈረንሳዊ ሻምፕላን ኬቤክን ቈረቈረ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ከ28 ሰዎች 20ዎቹ በስኩርቪና በተቅማጥ ሞቱ። የአኔዳን ስም ሰምቶ ነበር፤ የስታዳኮና ሰዎች ግን በዚያ ዘመን ከስፍራው ጠፍተው ስለ ነበር፣ ዛፉን የሚያሳየው ሰው አላገኘም።