በትውስት ሥር

ዓለም በጦርነት በምትታመስበት፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ጃፓናዊው ችግኝ አፍይ ኤይጂ ዋታናቤ ካፈላቸው 10,000 ያህል የካክተስ ቡቃያዎች መካከል ሁለት ቀያዮች አገኘ። ዘራቸው ከወደ ፓራጓይ ነው። ከብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ አልነበራቸውምና የዘራቸው ስንቅ ሲያልቅ መሞታቸው ነበር። ዋታናቤ ግን ቆርጦ በሌላ አረንጓዴ ካክተስ ግንድ ላይ ተከላቸው፤ ኖሩም። (በእኛ በባንክ ቤት ሰዎች ቋንቋ፣ መመለሻ የሌለው ብድር!) «ሂቦታን» የተባለችው ቀይ ካክተስ እንዲህ ተገኘች።

እኔም አንዲት አለችኝ። እንግዳ ሁሉ «አበባዋ ሲያምር!» ይላል። አበባ አይደለችም፤ ራሷ ተክሏ ናት። ስለ ግንዱ ግን የጠየቀኝ የለም። ያ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ በአገሩ ቢተውት ኖሮ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ የድራጎን ፍሬ የሚያፈራ ሐረግ ነበር። እዚህ ግን ተሸካሚ ነው። ከጎኑ ቀንበጥ ባወጣ ቁጥር፣ ምግቡ ለቀይዋ እንዲተርፍ እቆርጥበታለሁ። ብርድ አይችልም፤ አፈሩ ሳይደርቅ ደጋግመው ካጠጡትም ይበሰብሳል።

ግንዱ ሲደክም ቀይዋን አንሥቶ ወደ ሌላ ትከሻ ማዛወር ይቻላል። የእኔው ዘንድሮ ከታች በኩል ቢጫ እየሆነ ነው። አዲስ ግንድ አምጥቼ አጠገቡ አኑሬያለሁ፤ ቢላዋውን ግን እስካሁን አላነሣሁም።